ደም ግፊትን ቤት ውስጥ መለካት፦ የሰባት ቀን ደብተር ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ

ከለገሃር ተነስቶ የቸርችልን ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው ፒያሳ ሲደርስ አንድ ፋርማሲ ጎራ ይላል። ቆሞ እጁን ይዘረጋል፤ ማሰሪያው በሹራቡ ላይ ይጠመጠምና ማሽኑ 158/96 ይላል። ቤቱ ሲገባ ቤተሰቡ ተጨንቆ ያድራል። በሳምንቱ ሌላ ቦታ አረፍ ብሎ ሲለካ 128/80 ይሆንና «ለቀቀኝ» ብሎ ክኒኑን ያቆማል። ሁለቱም ጊዜ የተወሰነው በአንድ ቁጥር ነው። ደም ግፊት ግን በአንድ ቁጥር አይታወቅም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ 20 እና 30 ነጥብ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሐኪም ሊመራበት የሚችለው በትክክል የተለካ የሰባት ቀን መዝገብ ነው። መዝገቡን እንዴት እንደሚይዙ፣ ይዘውት የት እንደሚሄዱና መንገድ ላይ ምን ምን እንደሚበላሽ እነሆ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ አንድ ነገር መባል አለበት። «ደም ብዛት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። ሰውነት ውስጥ ደም ስለበዛ የሚመጣ በሽታ ይመስላል፤ ስለዚህም ዋግምት ማስነቀል ወይም ነስር ሲመጣ «እሰይ፣ ቀነሰልኝ» ማለት የተለመደ ነው። ችግሩ የደሙ መጠን አይደለም፤ ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለውን ግፊት ያሳያል። ሁለተኛው ስህተት «ራሴን ካላመመኝ ግፊት የለብኝም» ማለት ነው። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ነው ኩላሊትን፣ ልብንና አንጎልን የሚጎዳው።

ማሽኑን መምረጥ

የላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን አውቶማቲክ ይግዙ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ርካሽና ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንጓው ከልብ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር ንባቡ ስለሚዛባ አንመክረውም። ከብራንዱ ይልቅ የማሰሪያው ልክ ነው ዋናው ነገር። በልብስ ሰፊ ሜትር ከትከሻና ከክርን መሀል ክንድዎን ዙሪያውን ይለኩ። ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መደበኛው ማሰሪያ ይበቃዎታል፤ ከ32 በላይ ከሆነ ትልቁን ይጠይቁ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ማለት ግፊቱን ከእውነቱ 10 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ከፍ አድርጎ ማሳየት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የማያስፈልገውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ።

ተክለሃይማኖት አካባቢ ወይም ሌላ ቦታ ሲገዙ እዚያው አስከፍተው ይሞክሩት። ከዚያ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ በሚሄዱበት ቀን ይዘውት ይሂዱና ነርሷ ከለካችዎት በኋላ በራስዎ ማሽን በዚያው ክንድ ይድገሙት። በሁለት ሦስት ሙከራ ልዩነቱ ከ5 ነጥብ ካላለፈ ጥሩ ነው፤ ከ10 ካለፈ ማሽኑን አይመኑት። ይህን በየዓመቱ ይድገሙ። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ማሽኑ ማሰሪያውን በደንብ ሳይነፋ ያቋርጣል ወይም «ስህተት» ያሳያል፤ ትርፍ ድንጋይ ይኑርዎት።

የማሽኑ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሠራው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ሳይስተካከል ይቀራል። ስለዚህ በማሽኑ ማኅደረ ትውስታ አይተማመኑ። ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ማሽን የሚለካ ከሆነ ደግሞ የአባትና የእናት ቁጥር ተደባልቆ ነው የሚቀመጠው። የልጅ ደብተር ይግዙ፤ ቀኑን በኛው አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በኛው ሰዓት ይጻፉ።

አቀማመጥ

ቁጥሩ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሻይና ሲጋራ ይቅሩ። ቡና እየተፈላ ከሆነ ከአቦል በፊት ይለኩ፤ በአቦልና በቶና መሀል የተለካ ቁጥር ለደብተሩ አይጠቅምም። ጫት የቃመ ሰው በዚያ ቀን ማታ የሚያገኘው ንባብ የጫቱ እንጂ የግፊቱ አይደለም። ሽንት ቤት ይግቡ፤ የሞላ ፊኛ ብቻውን 10 ነጥብ ሊጨምር ይችላል።

ዱካ ላይ ተቀምጠው አይለኩ። ዱካ መደገፊያ የለውም፤ ጉልበት ከወገብ በላይ ይወጣል፣ ሆድም ይታጠፋል። ወደ ውስጥ የሚያሰምጥ ሶፋም እንደዚያው ነው። መደገፊያ ያለው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ይሻላል። ጀርባዎን ይደገፉ፣ ሁለቱንም እግር መሬት ያስረግጡ፣ እግር አያጣምሩ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ የማሰሪያው መሀል ከጡት ትይዩ መሆን አለበት። ጠረጴዛው ዝቅ ካለ የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ ከክንድ ሥር ያድርጉ። ክንድ ከልብ በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ንባቡ በ7 ወይም 8 ነጥብ ይጨምራል፤ ከፍ ሲል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ የስበት ኃይል ሥራ ነውና የትኛውም ውድ ማሽን አያርመውም።

ማሰሪያው በባዶ ቆዳ ላይ ነው የሚታሰረው። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ሰው ሹራቡን ማውለቅ ስለማይወድ እጅጌውን ወደ ላይ ይጠቀልለዋል፤ የተጠቀለለው እጅጌ ራሱ ክንዱን አስሮ ንባቡን ያዛባል። አንዱን እጅጌ አውልቀው ጋቢውን በትከሻ ላይ ጣል ያድርጉ። ብርድ ራሱ የደም ሥርን ያጠባል፤ እየተንቀጠቀጡ አይለኩ። የማሰሪያው የታችኛው ጠርዝ ከክርን መታጠፊያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ ቱቦው በክንድ ውስጠኛ ጎን ይውረድ። ከታሰረ በኋላ ሁለት ጣት ማስገባት ከቻሉ ጥብቀቱ ልክ ነው።

አሁን አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ስልክ አይነካ፣ ቴሌቪዥን ይጥፋ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው «ስንት ሆነ?» ብሎ እንዳይጠይቅ አስቀድመው ይንገሩት፤ ማሽኑ እየሠራ ማውራት እስከ 10 ነጥብ ይጨምራል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጥተው የገቡ ከሆነ ከአምስት ደቂቃም በላይ ይረፉ።

በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ክንድ ይለኩ። ከፍ ያለውን ያሳየው ክንድ ከዚያ በኋላ የመለኪያ ክንድዎ ይሆናል። ልዩነቱ በተደጋጋሚ ከ10 ካለፈ ደብተሩ ላይ ይጻፉና ለሐኪሙ ያሳዩ።

ሰባቱ ቀናት

ጠዋት በተነሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ቁርስና መድኃኒት ከመቅመሳችሁ በፊት ሁለት ጊዜ፤ ማታ ከመኝታ በፊት ሁለት ጊዜ። በሁለቱ ልኬቶች መሀል አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። የታየውን ሁሉ ይጻፉ፤ ከፍ ያለውን «ይሄ ተሳስቷል» ብሎ መዝለል ሐኪሙን ማታለል ነው። የልብ ምት ቁጥሩንም ከጎኑ ያስፍሩ። ማሽኑ የተዛባ ምት ምልክት ደጋግሞ ካሳየ እሱም ይጻፍ፤ ያ ራሱን የቻለ ምርመራ የሚፈልግ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሰባቱ ቀን ሲያልቅ የመጀመሪያውን ቀን ይሰርዙ። ሰው ማሽኑን እስኪለምደው ድረስ ይደነግጣልና የዚያ ቀን ቁጥር አይታመንም። የቀሩት ስድስት ቀናት 24 ንባብ ናቸው። የላይኞቹን ደምረው ለ24 ያካፍሉ፤ የታችኞቹንም እንደዚያው። ቤት ውስጥ የተለካ አማካይ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ሕክምና ተቋም ውስጥ ግን ድንበሩ 140/90 ነው፤ ነጭ ጋዋን ሲያይ ግፊቱ የሚወጣ ሰው ብዙ ስለሆነ ሁለቱ ይለያያሉ። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ብቻ ድንበሩን ቢያልፍም ይቆጠራል።

በሳምንቱ መሀል የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 110 ከታየና አምስት ደቂቃ አርፈው ሲደግሙትም ካልወረደ፣ ሳምንቱን ልጨርስ ሳይሉ በዚያው ቀን ይታዩ።

ለአረጋውያን አንድ ልኬት ይጨመራል። ተቀምጠው ከለኩ በኋላ ተነስተው ይቁሙ፤ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ይጻፉት። እናትዎ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ የሚያዞራቸው ይህ ሊሆን ይችላል፤ የመድኃኒታቸውም መጠን በዚያ መሠረት ይታያል።

ደብተሩን ይዞ ወዴት?

መጀመሪያ ወረዳዎ ያለው ጤና ጣቢያ። አራዳ፣ ቂርቆስ ወይም ልደታ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደጁ ላይ ስላለ ብቻ በቀጥታ ወደዚያ ሊሄድ ይቃጣዋል። የአገሪቱ የጤና አገልግሎት ግን በሦስት እርከን የተዋቀረ ነው፤ ከታች ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከላይ ስፔሻላይዝድ። ያልተወሳሰበ ደም ግፊት ከምርመራ እስከ ክትትል ጤና ጣቢያ ላይ የሚያልቅ ነው። ወረፋው ያጥራል፣ ለወርሃዊ መድኃኒት ሥራ አይፈታም፣ ግማሽ ቀንዎም አይባክንም። እኛ ደግሞ ይህን የምንለው ለገንዘብም አስበን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ አባል ነው፤ መድኑ የሚከፍለው ግን ከጤና ጣቢያ ጀምረው በሪፈር ከሄዱ ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ጤና ጣቢያውን ዘለው ሆስፒታል ከገቡ ከኪስዎ ይከፍላሉ። አባልነቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ዕድሳቱ ያለፈበት መታወቂያ ይዞ መስኮት ላይ መድረስ ከምናያቸው መጉላላቶች ሁሉ የሚያስቆጨው ነው፤ ከመታመም በፊት ቀኑን ይዩት።

ካርድ አውጥተው ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ «ግፊት አለብኝ መሰለኝ» ከማለት ይልቅ «ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ለክቻለሁ፤ አማካዩ 148/92 ነው፤ ደብተሩ ይኸው» ይበሉ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ። ለጉልበት ሕመም የሚወሰደው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ የአንዳንድ የጉንፋን ክኒኖችና ኤስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያም እንደዚያው። ውሃ ውስጥ የሚፈላው ክኒን ደግሞ ብዙ ሶዲየም አለው። ክኒኑ «የጉልበት ነው፣ ከግፊት ጋር አይገናኝም» ተብሎ ቤት ሲቀር ሐኪሙ ምክንያቱን ሳያይ የግፊት መድኃኒት ይጨምራል።

ግፊት መኖሩ ከተረጋገጠ የሽንት ፕሮቲን፣ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ፖታሲየም፣ የደም ስኳርና ኮሌስትሮል፣ እንዲሁም ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይታያሉ። ጤና ጣቢያው የማይሠራው ካለ የት እንደሚሠራ ይጠይቁ። ሪፈር የሚያስፈልገው ሰው በወጣትነቱ ግፊት የያዘው፣ ኩላሊቱ የተነካ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ሦስት ዓይነት መድኃኒት በሙሉ መጠን እየወሰደ ያልወረደለት ነው። በመሀል ከተማ ሪፈሩ ብዙውን ጊዜ ወደ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12 ወይም ራስ ደስታ ነው የሚጻፈው። ከሪፈር ወረቀቱ ጋር የላቦራቶሪ ውጤቶቹንና የደብተሩን ፎቶ ኮፒ ያያይዙ፤ ዋናውን አይስጡ።

መድኃኒት

በብዛት የሚታዘዙት አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ናቸው። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ኢናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ ለወራት የማይለቅ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ሳንባቸውን ሲታዩ የሚከርሙ ሰዎች የሳላቸው ምክንያት እሱ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ኢናላፕሪል አትወስድም፤ ለማርገዝ ያሰበችም አስቀድማ ትናገር። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ስለሚያመላልስ ጠዋት ይወሰዳል። ከእነዚህ አንዱ ሲያስቸግር መፍትሔው ለሐኪሙ ነግሮ መቀየር ነው፤ በራስ ፈቃድ ማቆም ግፊቱን ወደነበረበት ይመልሰዋል። ቁጥሩ 125/78 የሆነው መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። የተረሳ ክኒን ካለ በሚቀጥለው ቀን ሁለት አይወሰድም።

ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይነሱ። መጀመሪያ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት፣ ከሌለ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲ ይጠይቁ፤ ከግል ፋርማሲ ብዙ ጊዜ ይረክሳሉ። የፋብሪካው ስም ሲለዋወጥ የማሸጊያው ቀለም ይለወጣል፤ አረጋዊ ሰው «ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ ይተወዋል ወይም አሮጌውንና አዲሱን አንድ ላይ ይውጣል። የመድኃኒቱን ስምና ሚሊ ግራሙን ደብተሩ ሽፋን ላይ በአማርኛ ይጻፉ፤ ሲገዙ እሱን ያመሳክሩ።

የጾም ነገር ተደጋግሞ ይጠየቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ክኒን ለ55 ቀን ሲያቆም ሁዳዴ ሳያልቅ ግፊቱ ይወጣል፤ ፋሲካ ደግሞ ሥጋውን፣ ጨውና መጠጡን ይዞ ይመጣል። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ። በቀን አንዴ የሚወሰደው አምሎዲፒን ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል፤ ከተዛወረ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ይሁን። ሽንት የሚያመላልሰው ክኒን ውሃ ሳይጠጡ ሲውሉ ያዞራልና መጠኑ መታየት አለበት። በረመዳን ጾም ላሉም ከኢፍጣርና ከሱሁር ጋር አስማምቶ ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል። ለንስሐ አባትዎ ሕመሙን መናገር ነውር የለውም።

ጨው

ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ፤ ዳቦውን፣ ወጡንና ውጭ የተበላውን ጨምሮ። ማንም ሰው ወጡን በግራም አይመዝንምና የሚከተለው ይቀላል፤ አዲስ የ1 ኪሎ ጨው ሲከፍቱ ቀኑን እሽጉ ላይ ይጻፉ። አራት ሰው ያለበት ቤት ልኩን ጠብቆ ቢበላ 1 ኪሎው 50 ቀን ይቆያል። በ30 ቀን ካለቀ፣ የዳቦና የምግብ ቤቱ ሳይቆጠር፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን 8 ግራም ገደማ እየበላ ነው።

የተደበቀውን ጨው ይፈልጉ። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባል፣ ሽሮ ሲፈጭም ይገባል፣ ሚጥሚጣም አለው፤ ከዚያ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ስለዚህ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፦ በርበሬውና ሽሮው ሲሰናዳ ያለ ጨው እንዲፈጭ ማድረግ። ወጡ ላይ ያለው ጨው ከእሳት ከወረደ በኋላ ቢጨመር በትንሹ ይጣፍጣል። የሾርባ ኩብ ይቅር። እንጀራ ጨው የለውም፤ የዳቦ ቤት ዳቦ ግን አለው። ሻይና ቡና በጨው የሚጠጣ ካለ ያንን መተው ከሁሉ ይቀድማል። ጎመን፣ ሙዝና ባቄላ በፖታሲየማቸው ይረዳሉ፤ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያብዛቸው።

በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ግፊትን ያወርዳል። ለጀማሪ ሜዳው ከስታዲየም እስከ መስቀል አደባባይ ያለው ይሻላል፤ ዳገቱን ቆይተው ይጨምሩ።

ሳይውል ሳያድር

ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ደረት ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ዓይን በድንገት ከጨለመ መለኪያ ፍለጋ አይባክኑ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለከተማው እሳትና አደጋ 939 ይደውሉ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። በአፍ ውሃም ክኒንም አይስጡ፤ መዋጥ ካቃተው ወደ ሳንባ ይገባል። ግፊቱን በአንድ ጊዜ ለማውረድ ተጨማሪ ክኒን መስጠት ወይም ከምላስ ሥር ማድረግ ለአንጎል የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር ሴት 140/90 ደርሶ ራሷን ካመማት፣ ዓይኗ ብዥ ካለባት ወይም ከጎድን አጥንት በታች ካመማት፣ ለቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ማዋለጃ ወዳለበት ተቋም ትሂድ።

ግፊቱ ከተስተካከለ በኋላ በየቀኑ መለካት አያስፈልግም፤ በየሰዓቱ የሚለካ ሰው በጭንቀቱ ራሱ ቁጥሩን ያወጣዋል። ከቀጠሮው በፊት ያለውን ሳምንት ብቻ ይለኩ። መድኃኒት በተለወጠ ጊዜ ግን ሁለት ሳምንት ቆይተው አንድ አዲስ የሰባት ቀን ገጽ ይክፈቱ፤ ክኒኑ ኃይሉን እስኪያሳይ ቢያንስ ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋል።